በዲጂታል ፎቶ ውስጥ የሚጻፈውን የካሜራ መረጃ ስለ ማየትና ጠብቆ ስለ ማቆየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፎቶ ፋይል ከምስሉ ሌላ ምን ይዟል?

ዲጂታል ካሜራም ሆነ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ምስሉን ብቻ አያስቀምጥም። ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን አምራችና ሞዴል፣ ሸተር ስፒዱን (ብርሃን የገባበትን የጊዜ ርዝመት)፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት)፣ የሌንሱን ፎካል ሌንግዝ (የእይታውን ስፋት የሚወስነውን ልክ)፣ ፍላሽ መብራት አለመብራቱን፣ ጂፒኤስ ተከፍቶ ከነበረም የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በዚያው ፋይል ውስጥ ይጽፋል። መረጃው የሚጻፍበት ሥርዓት ኤግዚፍ ይባላል። የመጀመሪያው እትም በጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየተሻሻለ እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስተኛው ዋና እትም ላይ ደርሷል። ጄፔግ በሚባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ውስጥ ይህ መረጃ የሚቀመጠው በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ፣ ከ64 ኪሎባይት በማይበልጥ ለብቻው በተከለለ ክፍል ነው። ለብቻው በመከለሉም ምስሉ ቅንጣት ሳይነካ መረጃው ሊነበብ፣ ሊታረም ወይም ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚህ በታች የተነሱት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

የፎቶው መግለጫ፣ የባለመብቱ ስምና ቁልፍ ቃላት ግን ሰው የሚጽፋቸው እንጂ ካሜራው የሚያውቃቸው ስላልሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ኤክስኤምፒና አይፒቲሲ በሚባሉ ሌሎች ሥርዓቶች ይቀመጣሉ። ሁሉም ባንድነት ሜታዳታ ይባላሉ።

መረጃውን በኮምፒውተር ላይ የት አገኘዋለሁ?

ለተራ ፍላጎት ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። በዊንዶውስ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ይምረጡና «ዲቴይልስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ስለ ካሜራው የሚናገረውን ክፍል ያገኙታል። በማክ ደግሞ ፎቶውን «ፕሪቪው» በተባለው ፕሮግራም ከፍተው፣ «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ሾው ኢንስፔክተር» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

እነዚህ መንገዶች የሚያሳዩት ግን የመረጃውን ከፊል ብቻ ነው። ያለውን ሁሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ፊል ሃርቪ የጻፉትን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውንና በነጻ የሚገኘውን ኤግዚፍቱል ቢጠቀም ይሻላል። ኤግዚፍቱል ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራ በመሆኑ ለጀማሪ ሊከብድ ይችላል፤ ሆኖም የአንድን ፎልደር ፎቶዎች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ማንበብ፣ ማረምና ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው መረጃ መቅዳት የሚችል በመሆኑ፣ ብዙ ፎቶ ያለው ሰው ቢለምደው አይጸጸትም። ትእዛዝ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ዲጂካም በተባለው ነጻ የፎቶ ማደራጃ ብዙውን ነገር ማከናወን ይችላል።

በስልክስ?

በአይፎን ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ፣ በአንድሮይድ ደግሞ በጉግል ፎቶዎች መተግበሪያ፣ ፎቶውን ከፍቶ ወደ ላይ በማንሸራተት ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች ማየት ይቻላል።

የማየው ቁጥር ስለ ፎቶው ምን ይነግረኛል?

ጥቅሙ በይበልጥ የሚታወቀው ያልተሳካ ፎቶ ሲመረመር ነው። ለምሳሌ ምሽት ላይ የተነሳና ጥርት ብሎ ያልወጣ የአንድ ሰው ፎቶ አለ እንበል፤ መረጃው ሸተር ስፒድ 1/15 ሰከንድ፣ አፐርቸር ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 400፣ ፎካል ሌንግዝ 85 ሚሊሜትር ይላል። በእጅ ይዞ ለማንሳት የቆየው ልማድ ሸተር ስፒዱ ከፎካል ሌንግዙ ቁጥር ጋር ቢያንስ እንዲመጣጠን ነው፤ ለ85 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/85 ሰከንድ የዘገየ መሆን አልነበረበትም ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ሌንሱ ወይም ፎከሱ ሳይሆን የእጅ መንቀጥቀጥ ሊሆን እንደሚችል ቁጥሩ ይጠቁማል። መፍትሔውም ከዚያው ይገኛል፦ አይኤስኦውን ከ400 ወደ 3200 ከፍ ማድረግ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ሦስት ጊዜ እጥፍ እጥፍ ማድረግ በመሆኑ፣ ሸተር ስፒዱ ከ1/15 ወደ 1/30፣ ከዚያ ወደ 1/60፣ በመጨረሻም ወደ 1/125 ሊፈጥን ይችል ነበር። በተቃራኒው ከኋላ ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከደበዘዘ፣ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ሳይሆን ሰውየው ነው፤ በዚህ ጊዜ ካሜራውን በትራይፖድ ማቆም አይረዳም።

ፎቶው ከመጠን በላይ ነጥቶ ወይም ጨልሞ ከሆነ «ኤክስፖዠር ባያስ» የሚለውን መስመር (ካሜራው ራሱ ከመረጠው ይልቅ አንጥቶ ወይም አጨልሞ እንዲያነሳ የሚታዘዝበትን ልክ) መመልከት ተገቢ ነው፤ ልኩ በሌላ ቀን ለሌላ ሥራ ከዜሮ ተነቅንቆ ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በስልክ በተነሳ ፎቶ ላይ ሁለት የፎካል ሌንግዝ ቁጥሮች መታየታቸው ብዙዎችን ግራ ያጋባል። አንደኛው ለምሳሌ 5.7 ሚሊሜትር ሲሆን የሌንሱ ትክክለኛ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ለምሳሌ 26 ሚሊሜትር ሲሆን ያው የእይታ ስፋት በ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ላይ ስንት እንደሚሆን የሚገልጽ ነው። ለማነጻጸር የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። የአብዛኞቹ ስልኮች አፐርቸር ግን የማይለዋወጥ ስለሆነ፣ ከፎቶ ወደ ፎቶ አንድ ዓይነት ቁጥር ማየት ስሕተት አይደለም።

መረጃው የማይናገረውም ብዙ ነው። ትራይፖድ፣ ከሌንሱ ፊት የተገጠመ ፊልተር፣ ብርሃን መላሽ ሰሌዳ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበረ፣ ከእነዚህ አንዱም አይጻፍም። የሌላን ሰው ቁጥሮች እንዳሉ ገልብጦ ያንኑ ፎቶ ለማግኘት መሞከር የማይሳካውም ለዚህ ነው።

አፐርቸሩ ባዶ ወይም ዜሮ ሆኖ የሚታየው ለምንድን ነው?

ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ የማይገናኝ የድሮ ወይም ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚሠራ ሌንስ ተገጥሞ ስለነበረ ነው። ካሜራው የማያውቀውን ሊጽፍ አይችልም። አንዳንድ ካሜራዎች የሌንሱን ልክ አስቀድሞ በዝርዝራቸው ውስጥ ለመሙላት ያስችላሉ።

ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ ማወቅ ይቻላል?

በአንዳንዶቹ ይቻላል። ይህ ቁጥር በኤግዚፍ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ኒከንና ፔንታክስ ግን አምራቾች የራሳቸውን ነገር እንዲጽፉበት በተተወው ክፍል ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ኤግዚፍቱልም ያነበዋል። ብዙዎቹ የካነን ካሜራዎች በፎቶው ውስጥ አይጽፉትም። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው በዚያው ቀን የተነሳና በምንም ፕሮግራም ያልታረመ ፋይል መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም የማረሚያ ፕሮግራሞች ሲያስቀምጡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ይህ የአምራቹ ክፍል ነው። በውስጡ ያሉት መረጃዎች በፋይሉ ውስጥ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሚገኙ በቁጥር የተጠቆሙ ናቸው፤ ክፍሉን በትክክል የማያውቅ ፕሮግራም ፋይሉን እንደ አዲስ ሲጽፍ መረጃውን ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውርና ጥቆማውን ሳያስተካክል ይተወዋል፤ ቤት ቀይሮ አዲሱን አድራሻ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው መረጃው እያለ የሚያገኘው ይጠፋል።

በመልእክት መተግበሪያ የተላከልኝ ፎቶ ለምን ምንም የካሜራ መረጃ የለውም?

መተግበሪያው ፎቶውን እንዳለ ስለማይልከው ነው። ዋትሳፕም ሆነ ቴሌግራም ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ አሳንሰውና ጨምቀው አዲስ ፋይል ይሠራሉ፤ የቀድሞው ኤግዚፍም ወደ አዲሱ አይሻገርም። በፌስቡክና በኢንስታግራም ላይ ከተለጠፈ ፎቶ የሚወርደው ቅጂም እንዲሁ ነው። ይህ ለላኪው ደኅንነት የሚበጅ ልማድ በመሆኑ የሚወቀስ አይደለም፤ ነገር ግን የቤተሰብ ፎቶዎችን ከመልእክት መተግበሪያ ብቻ እየሰበሰበ የሚያኖር ሰው፣ ከዓመታት በኋላ መቼና በምን እንደተነሱ የማይታወቁ ያነሱ ቅጂዎችን ይዞ ይገኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዋትሳፕ ፎቶውን «ዶክመንት» በሚለው፣ በቴሌግራም ደግሞ «ፋይል» በሚለው መንገድ መላክ ዋናውን ፋይል እንዳለ ያደርሰዋል። ከኢሜይል ጋር የተያያዘ ፎቶም በአብዛኛው ሳይነካ ይደርሳል፤ የኢሜይል መተግበሪያው መጠኑን ላሳንስ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን ያልተቀነሰውን መጠን መምረጥ ያስፈልጋል። ስክሪንሹት ፈጽሞ ምትክ አይሆንም፤ እሱ የስክሪኑ ምስል እንጂ የፎቶው ቅጂ አይደለም።

ፎቶውን ካረምኩ በኋላ መረጃው እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ዋናውን ፋይል አይንኩት። የታረመውን ሁልጊዜ በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ ይህ ከተደረገ ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚታረም ነው፤ ካልተደረገ ግን አንድ የተሳሳተ ምርጫ የማይመለስ ይሆናል።

ቀጥሎ ፋይል የሚወጣበትን የኤክስፖርት መስኮት በጥሞና ያንብቡ። ለድረ ገጽ የሚሆን አነስተኛ ፋይል ለማውጣት የተዘጋጁ ምርጫዎች መጠን ለመቀነስ ሲሉ መረጃውን ይተዉታል። በፎቶሾፕ «ሴቭ ፎር ዌብ» መስኮት ውስጥ ሜታዳታን የሚመለከት አንድ መስመር አለ፤ ከምርጫዎቹ አንዱ የባለመብቱን ስም ብቻ ያስቀራል፣ ሌላው ከካሜራው መረጃ በቀር ሁሉን ያስቀራል፣ ሙሉውን የሚያስቀረው «ኦል» የሚለው ነው። መስመሩ ትንሽ ስለሆነ ሳይታይ ያልፋል።

የፋይል ዓይነት መቀየርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ ፒኤንጂ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ለኤግዚፍ መደበኛ ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 በመሆኑ፣ ከጄፔግ ወደ ፒኤንጂ የሚቀይሩ የቆዩ ፕሮግራሞች መረጃውን ላያሻግሩት ይችላሉ።

መረጃውን ካወጣሁ በኋላ ፎቶው ለምን ወደ ጎን ተኛ?

ካሜራ በቁሙ ተይዞ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ምስሉን አያዞረውም፤ «ሲያሳዩ አዙሩት» የሚል ከ1 እስከ 8 ባለው ቁጥር የሚገለጽ ምልክት በኤግዚፉ ውስጥ ይጽፋል። መረጃው በሙሉ ሲጠረግ ምልክቱም አብሮ ይጠረጋል። ስለዚህ ከመጥረግ በፊት ምስሉን በእውነት ማዞር፣ ወይም ይህንን አንድ መስመር ማስቀረት ያስፈልጋል።

ፎቶዎቼን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስገለብጥ ቀናቸው ለምን ተቀየረ?

የተቀየረው የፋይሉ ቀን እንጂ ፎቶው የተነሳበት ቀን አይደለም። ዊንዶውስ አንድ ፋይል ሲገለበጥ «ዴት ክሪኤትድ» በሚለው ላይ የተገለበጠበትን ጊዜ ይጽፋል፤ «ዴት ቴክን» የሚለው ግን ከኤግዚፍ የሚነበብ በመሆኑ በመገልበጥ አይለወጥም። ፎልደሩን በዚህኛው ቀን ቅደም ተከተል እንዲደረደር ማድረግ ይበቃል። በተጨማሪም ኤግዚፍ ራሱ ከአንድ በላይ ቀን ይይዛል፦ ፎቶው የተነሳበት፣ ወደ ዲጂታል የተለወጠበትና ፋይሉ መጨረሻ የታረመበት። በስካነር የገባ የድሮ ፎቶ ላይ የሚታየው ቀን ስካን የተደረገበት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የተነሳበትን ቀን የሚያውቅ ሰው በእጁ ሊያስገባው ይገባል።

የካሜራዬ ሰዓት ተሳስቶ ነበር። ሁሉንም ፎቶዎች አንድ በአንድ ማረም አለብኝ?

የለብዎትም። ስሕተቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ልዩነቱን አግኝቶ በጅምላ መደመር ወይም መቀነስ ይቻላል፤ ኤግዚፍቱልም ዲጂካምም ይህንን ይሠራሉ። ልዩነቱን ለማግኘት የካሜራውን ሰዓት ከማስተካከልዎ በፊት፣ ሰከንድ የሚያሳይ የስልክ ሰዓት በዚያው ካሜራ ፎቶ ያንሱ። በፎቶው ላይ የሚታየው የስልኩ ሰዓት 10:15:40 ሆኖ በኤግዚፉ የተጻፈው 09:12:25 ከሆነ፣ ካሜራው በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። በሁለት ካሜራዎች የተነሳ አንድ ዝግጅት ቅደም ተከተሉ ሲዛባም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ሁለቱም ካሜራዎች ያንኑ ስልክ እንዲያነሱ ማድረግ ነው።

ኤግዚፍ ለሰዓት ክልል መደበኛ መስመር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተነሱ ፎቶዎች በአብዛኛው ሰዓቱን ብቻ እንጂ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይናገሩም፤ ከአገር ወደ አገር በተደረገ ጉዞ ላይ የተነሱ የቆዩ ፎቶዎች ሲታረሙ ይህ መታሰብ አለበት።

የራው ፋይሎች አያያዝ ይለያል?

አዎን፣ ይለያል። ራው የሚባለው ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ የፎቶ ፋይል ነው። የራው ማረሚያ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ራው ፋይሉን አይነኩትም፤ የተደረገውን ለውጥ ወይ ካታሎግ በሚባል በራሳቸው የመረጃ መዝገብ ውስጥ፣ ወይ ከፎቶው ጋር ተመሳሳይ ስም ባለው የኤክስኤምፒ ተጓዳኝ ፋይል ውስጥ ይጽፉታል። ላይትሩም ክላሲክ የተባለው የፎቶ ማረሚያ ለውጡን ሁልጊዜ በካታሎጉ የሚይዝ ሲሆን፣ ወደ ተጓዳኝ ፋይልም እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ካታሎግ ሲበላሽ የብዙ ጊዜ ሥራ አብሮ ስለሚሄድ ይህንን ማድረግ ይመከራል። ተጓዳኝ ፋይሉ ሁልጊዜ ከራው ፋይሉ ጋር አብሮ መንቀሳቀስና ስሙም አብሮ መለወጥ አለበት። ዲኤንጂ የተባለው የራው ዓይነት ግን ኤክስኤምፒውን በውስጡ ስለሚይዝ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ከጉግል ፎቶዎች ያወረድኳቸው ፎቶዎች አጠገብ ያሉት የጽሑፍ ፋይሎች ምንድን ናቸው? ልሰርዛቸው?

አይሰርዟቸው። በጉግል ቴክአውት አማካይነት ሙሉ ስብስብ ሲወርድ፣ በመተግበሪያው ውስጥ የታረሙ ቀኖች፣ የተጻፉ መግለጫዎችና ቦታዎች በፎቶው ውስጥ ሳይሆን ጄሰን በሚባሉት በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ይመጣሉ። ኤግዚፍቱል እነሱን አንብቦ ወደ ፎቶዎቹ ሊጽፍ ይችላል። አይፎን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ደግሞ፣ በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ፎቶዎችን በሚመለከተው ክፍል «ኪፕ ኦሪጅናልስ» የሚለውን መምረጥ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዓይነት ሳይቀየሩ እንዲሻገሩ ያደርጋል።

አንዴ የጠፋ መረጃ ይመለሳል?

ከዚያው ፋይል አይመለስም። ዋናው ፋይል ሌላ ቦታ ካለ ግን ኤግዚፍቱል መረጃውን ከእሱ ወደ ታረመው ቅጂ ሊቀዳው ይችላል፤ ራውና ጄፔግ አብረው ተነስተው ከነበረ ከራው ወደ ጄፔግ መቅዳትም ይቻላል። ሁለቱም ከሌሉ የሚቀረው በግምት መሙላት ነው፤ ቀኑን በግምት የሚያስገባ ሰው ግምት መሆኑን በመግለጫው ላይ ቢጽፍ በኋላ የሚያነበውን ሰው አያሳስትም። የሸተር ስፒድና የአይኤስኦ ቁጥሮችን በግምት መሙላት ግን ባዶ ከመተው የከፋ ነው።

የካሜራውን መረጃ ጠብቄ የተነሳበትን ቦታ ብቻ መደበቅ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ማድረግም ይገባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ከፖሊስ ተሸሽገው የነበሩት የሶፍትዌር ባለሀብት ጆን ማካፊ በጓቲማላ መሆናቸው የታወቀው፣ አንድ መጽሔት ባወጣው የስልክ ፎቶ ውስጥ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ተጽፎ በመገኘቱ ነበር። ቤት ውስጥ የተነሳ የሕፃን ፎቶም ያንኑ ያህል በግልጽ አድራሻ ይናገራል።

በአይፎን ፎቶ ሲጋራ ከላይ በሚታየው «ኦፕሽንስ» ውስጥ ቦታውን ብቻ መዝጋት ይቻላል። በአንድሮይድ ከ10ኛው እትም ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ያልተሰጣቸው መተግበሪያዎች የፎቶውን ቦታ ማንበብ አይችሉም። በኮምፒውተር ላይ ኤግዚፍቱል የጂፒኤሱን ክፍል ለይቶ ያወጣል፤ ዊንዶውስም በዚያው «ዲቴይልስ» ገጽ ግርጌ መረጃ የማስወገጃ አማራጭ ስላለው፣ አዲስ ቅጂ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። የሚጸዳው ምንጊዜም የሚጋራው ቅጂ ነው። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ በኤግዚፍ ውስጥ ለቅድመ እይታ የምትሆን ትንሽ ምስል ትቀመጣለች፤ ፎቶው ከተከረከመ በኋላ እሷን ያላደሰ ፕሮግራም ተቆርጦ የወጣውን ክፍል እዚያው ይተወዋል።

መረጃው ፎቶው እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል?

ብቻውን አይሆንም፤ ከላይ በተጠቀሱት ነጻ ፕሮግራሞች ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ ሊለውጠው ይችላል። ለውጥን የሚያጋልጥ በምስጠራ የተፈረመ መረጃ የሚጽፉ ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ከላይካ ኤም11-ፒ ጀምሮ መውጣት ጀምረዋል፤ ይህ ግን ከኤግዚፍ የተለየ ሥርዓት ነው።

መረጃው በትክክል መሻገሩን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከሚሞሪ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ደመና ማከማቻ ካሻገሩ በኋላ፣ ካርዱን ከማጽዳትዎ በፊት፣ ጥቂት ፎቶዎችን ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ ይምረጡና የፋይሉን መጠን በባይት ከካርዱ ጋር ያነጻጽሩ። ወደ ደመና የተላከውን ደግሞ መልሰው ያውርዱትና ያንኑ ያድርጉ። መጠኑ በጥቂትም ቢሆን ከተለየ ፋይሉ እንደ አዲስ ተጽፏል ማለት ስለሆነ፣ የሁለቱንም መረጃ ጎን ለጎን ከፍቶ የጎደለውን መለየት ያስፈልጋል። መጠኑ እኩል ሆኖ ሙሉ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው የሁለቱን ፋይሎች ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ ማስላት ይችላል፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ፋይሉ ከነመረጃው አልተነካም። ከዚያ ዋናዎቹን ፋይሎች ለንባብ ብቻ እንዲሆኑ አድርጎ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ፣ አንደኛውን በሌላ ስፍራ ማስቀመጥና ካርዱን ማጽዳት ይቻላል።